ስለ ሸለፈት መጥበብ የተከፈተው ክር፦ 44 መልስ፣ ብዙ ሳቅ፣ ትንሽ ጠብ

ይሄን ክር፣ ማለትም መድረካችን ላይ ጥያቄና መልሱ የሚከታተልበትን ውይይት፣ የከፈተው ልጅ ስሙን አልጻፈም። ዕድሜው 26 ነው። ጋምቤላ ተወልዶ አድጎ አሁን አዲስ አበባ ይሠራል። አልተገረዘም፤ ያደገበት ማኅበረሰብ ወንድ ልጅ የመግረዝ ልማድ የለውም። ችግሩ ሌላ ነው። ሸለፈቱ ወደ ኋላ አይመለስም። ብልቱ ሲቆም ጫፉ ላይ ይወጠርና ያመዋል፤ አንዳንዴም ይሰነጠቅና ይደማል። ፍቅረኛ ነበረችው፤ ነገሩ ወደ አልጋ ሊያመራ ሲል ሰበብ እየፈጠረ ይሸሻል፤ ልጅቷም እንደማይፈልጋት ቆጥራ ትታው ሄደች። ጥያቄው አጭር ነበር። ይሄ ነገር በሽታ ነው ወይስ የእሱ ብቻ አፈጣጠር? ሐኪም ጋ ቢሄድስ ወሬውን ከየት ይጀምረዋል?

እኔ መድረኩን ከሚቆጣጠሩት አንዱ ነኝ። ክሩ ረዝሟል፤ አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች አንብቦ አይጨርሰውም። ስለዚህ የተባባሉትን በራሴ አነጋገር ላስቀምጥላችሁ። መሀል ላይ የጎደሉ የመልስ ቁጥሮች አሉ፤ ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ፤ ስንደርስባቸው ምክንያቱን እናገራለሁ።

ቁጥር 1 ሳቅ ብቻ ነው። ሳቅና አንድ ስድብ፤ ያልተገረዘ ሰው የሚሰደበውን ታውቁታላችሁ፣ ቆላፋ። ልጁ ከለጠፈ ደቂቃዎች እንኳ አልሞሉም። ቁጥር 2 በዚያው ላይ ጨመረበት። ሰው ስንት ጊዜ ጽፎ አጥፍቶ የለጠፈውን ነገር እንዲህ ሲቀበሉት ማየት ያናድዳል፤ እኔን አናዶኛል።

ቁጥር 3 የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ነች። መጀመሪያ ሁለቱን ልክ ልካቸውን ነገረቻቸው። ወንዶች ዘግይተው የሚመጡት በእንደነሱ ዓይነቱ ምክንያት እንደሆነ፣ እሷ ዘንድ ሽንቱ ሊዘጋ የደረሰ ሰው ሁሉ እንደሚመጣ ጻፈች። ከዚያ ወደ ልጁ ዞራ ረጋ ብላ አስረዳችው። ነገሩ ስም አለው፤ ፊሞሲስ ይባላል። ወንድ ሕፃን ሲወለድ ሸለፈቱ ከብልቱ ራስ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ይሄ የሁሉም ሕፃን ነገር ነው ማለት ይቻላል። ልጁ ሲያድግ በራሱ ጊዜ ይላቀቃል። አንዳንዱ በሦስት ዓመቱ፣ አንዳንዱ በአሥር፣ አንዳንዱ ጉርምስና ላይ። ወደ 17 ዓመት ሲደርሱ ሳይላቀቅ የሚቀረው ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ስለዚህ የእሱ ብቻ አፈጣጠር አይደለም። ግን አዋቂ ሆኖ እያመመውና እየደማ ከሆነ ሕክምና ይፈልጋል፤ ሕክምናውም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በቅባት ነው እንጂ በቢላ አይደለም።

ቁጥር 4 ነገሩ አልገባውም። እኛ አገር ሁሉም ተገርዟል፣ ታዲያ ይሄን ሁሉ ወሬ ምን አመጣው ዓይነት። ቁጥር 5 አረመው። የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የተገረዙ ወንዶችን 91 በመቶ ነው የሚላቸው። የቀሩት ትንሽ ይመስላሉ እንጂ በዚህ ሕዝብ ብዛት ስንት ሰው እንደሆነ አስሉት ብሎ ተወው። ጋምቤላ ላይ ደግሞ የተገረዘው ቁጥር ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል። ለዚህም ነው የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ግርዘት ወንዱ ከሴት ኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉን በ60 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ብሎ ከመከረ በኋላ የአዋቂ ወንዶች ግርዘት ዘመቻ እዚያ ላይ ያተኮረው። ነርሷ ከታች ገብታ ይሄ ኮንዶም ጣሉ ማለት እንዳልሆነ ጨመረች። ጠያቂውም ዘመቻውን ያውቀዋል፤ ልጅ ሆኖ ጓደኞቹ ሲሰለፉ እሱ ፈርቶ ሮጦ ነው ያመለጠው።

6 ፀበል መከረ። 7 ቀለደበት። 8 ደግሞ ፀበሉም ይቅር አልተባለም፣ ሐኪሙም ይታይ ብሎ አስታረቃቸው። እለፉት።

ቁጥር 9 የዚህ ክር ዋና መልስ ነው፤ ጊዜ የሌለው ሰው እሱን ብቻ ያንብብ። የጻፉት በዩሮሎጂ (የሽንት ቱቦና የወንድ ብልት ሕክምና) ስፔሻላይዝ እያደረጉ ያሉ ሐኪም ናቸው። እንዳሉት ሐኪሙ መጀመሪያ ዓይቶ ሁለት ነገር ይለያል። ቆዳው ለስላሳ ሆኖ ጠባብ ብቻ ከሆነ የስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ) ቅባት ያዝዛል፤ የተለመደው ቤታሜታዞን ነው። በቀን ሁለቴ፣ ስስ አድርጎ፣ የጠበበው ቀለበት ላይ ብቻ። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይቀባል፤ ከዚያ ጋር በየቀኑ በቀስታ መሳብ አለ፤ ሕመም ከመጀመሩ በፊት ማቆም። አብዛኛው ሰው ላይ ይሠራል። ጫፉ ግን ነጣ ብሎ ደርቆ ጠባሳ ከሠራ ነገሩ ሌላ የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ላይክን ስክለሮሰስ የሚባለው። ያኔ ቅባቱ ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ግርዘት ይመጣል። በማደንዘዣ መርፌ ነው የሚሠራው፤ ሰውየው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ሸለፈቱን ሳያስወግዱ የሚያሰፉበት ቀዶ ሕክምናም አለ፤ ማስቀረት የሚፈልግ ሰው ይጠይቅ አሉ። በመጨረሻ ሁለት ማስጠንቀቂያ ሰጡ። በጉልበት መሳብ ይሰነጥቀዋል፣ ስንጥቁ ሲድን ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳው ይብስ ያጠብበዋል። ወደ ኋላ የሄደ ሸለፈት ደግሞ ታጥቦ ወዲያው ወደ ቦታው ይመለስ፤ እዚያው ከቀረ የብልቱን ራስ ያንቃል።

ቁጥር 10 ፋርማሲስት ነው፤ ስለ ቅባቱ ፈራ። ልክ ነው። ቤታሜታዞን ያለው ቅባት ብዙ ዓይነት ነው፤ ከፈንገስና ከባክቴሪያ መድኃኒት ጋር የተቀየጠም አለ፤ ያለ ማዘዣ ገዝቶ ወራት ሙሉ የሚቀባው ሰው ቆዳው ይሳሳል። ቁጥር 11 እሷ ፊቷን ለማቅላት የምትቀባው እሱኑ እንደሆነ በሳቅ ተናገረች፤ ቁጥር 12 ፊቷን እንድታተርፍ ተማጸናት፤ ከዚያ ስለ ማድያት የሆነ ሌላ ወሬ ተጀመረ፤ ወደ ቆዳ ክፍል አዛወርኩት።

ክሩን የለወጠው ቁጥር 13 ነው። ይሄ ሰው ባሕረ ሰላጤው አገር ሹፌር ነው፤ አንድ ክፍል ከሌሎች ሐበሾች ጋር ይኖራል። እሱ የተገረዘ ነው፤ ግን በሕፃንነቱ፣ መንደር ውስጥ፣ በልምድ ገራዥ። ቆዳው በከፊል ነው የተቆረጠው፤ ቁስሉም ሲድን ኮምትሮ ቀረ። ሲያድግ አጥብቆ ይይዘው ጀመር። የተገረዘ ሰው ይሄ ያገኘዋል ብሎ ስላላሰበ ለማንም አልተናገረም። አንድ ምሽት ሻወር ቤት በሳሙና አንሸራትቶ ወደ ኋላ ሳበው፤ ሄደ። መመለስ ግን እምቢ አለ። ለጊዜው ምንም አልመሰለውም። ጠዋት ሲነሳ የብልቱ ራስ አብጦ ሐምራዊ ሆኗል፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ውኃ ቋጥሮ ቀለበት የመሰለ ነገር ሠርቷል። ሽርጥ አገልድሞ ዋለ፤ ክፍል ለሚጋሩት ወገቤን ነው አላቸው። በሽንት ቤቱ በር ቀዳዳ የሚያዩት እየመሰለው በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ሲይዝበት አደረ። በነጋታው መራመድ ሲያቅተው ነው ድንገተኛ ክፍል የሄደው። ሐኪሙ አደንዝዞ በሁለት እጁ ይዞ ለረጅም ደቂቃ ጨመቀው፤ እብጠቱ ሲጎድል ቆዳውን ወደ ፊት መለሰው። አንድ ቀን ጨምሮ ቢሆን ደም መድረስ ያቆምና ሥጋው ይሞት እንደነበር ነገረው። ክፍል የሚጋሩት ልጆች እስከ ዛሬ ወገቡን እንደሆነ ነው የሚያውቁት።

ከዚህ በኋላ ቀልዱ ቆመ። 14 እና 15 የራሳቸውን አወጡ፤ ሁለቱም በልምድ የተገረዙ፣ ሁለቱም ቆዳቸው የሚወጠር። ቁጥር 16 ደግሞ ያው 4 ነው፤ ሁላችንም ተገርዘናል ያለው። አሁን በጣም ጨዋ ሆኖ ነው የመጣው። አንድ ሰው ግርዘቱ በደንብ መሠራቱን በምን ያውቃል ብሎ ይጠይቃል፤ ለጓደኛው ነው።

17 ጀርመን የምትኖር እናት ናት። ልጇ አራት ዓመቱ ነው፤ አልተገረዘም። አያቱ ከአዲስ አበባ በየሳምንቱ እየደወሉ ያስጨንቋታል። ሽንት ሲሸና ሸለፈቱ እንደ ፊኛ ይነፋል። የሕፃናት ሐኪሙ ጤነኛ ነው ይላታል፤ አያት ደግሞ ልጁ እየታመመ ነው ይላሉ። የ9ኙ ሐኪም መለሱላት። ሕመም፣ ትኩሳት፣ ደም ወይም ሽንት በጠብታ የመውጣት ነገር ከሌለ መነፋቱ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ የመላቀቁ አንዱ ምልክት ነው። ማንም፣ አያትም ብትሆን፣ ለማጠብ ብላ ወደ ኋላ እንዳትስበው። ከላይ ከላይ በውኃ ይበቃል።

18 ላይ ጀርመን ግርዘት ክልክል ነው ተባለ። 19 አስተካከለው። በ2012 እ.ኤ.አ. ግንቦት አካባቢ የኮሎኝ ፍርድ ቤት የልጅ ግርዘትን የአካል ጉዳት ነው ብሎ አገር ምድሩን አናውጦ ነበር፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ግን ፓርላማው ሕግ አውጥቶ ፈቀደ። ወላጅ በሕክምና ደንብ ማስገረዝ ይችላል። የጤና መድን የሚከፍለው ግን የሕክምና ምክንያት ሲኖር ነው፤ ለባህል ሲሆን ከኪስ ነው። 20 በዚህ ተናደደ፤ ግብር እየከፈልን ምናምን።

ከዚያ ሃይማኖት ገባ። መግባቱ አይቀርም ነበር። 21 ልጅ በስምንተኛው ቀን ካልተገረዘ ክርስትናው ጎዶሎ ነው አለ፤ ለጀርመኗ እናትም ክፉ ቃል ወረወረ። 22 አፄ ገላውዴዎስን ጠርቶ መለሰለት፤ ይሄን መልስ ወድጄዋለሁ። ንጉሡ በ1555 እ.ኤ.አ. ገደማ ለኢየሱሳውያን (ለካቶሊክ ሚሲዮናውያን) በጻፉት የእምነት መግለጫ ግርዘታችን እንደ አይሁድ አይደለም፣ ፊት እንደ መብጣትና ጆሮ እንደ መብሳት የአገር ልማድ ነው ብለዋል። ከንጉሥ በላይ ኦርቶዶክስ ካልሆንክ ሴትየዋን ተዋት ማለቱ ነው። 23 አሜሪካ ያለ ሰው ነው፤ ጭራሽ ማንም ሕፃን እንዳይገረዝ የሚሟገት። ሦስት ረጃጅም አንቀጽ ጻፈ። 24 ይህን ሰው እንዲያው ጭርስ አደረገው። የታመመ ልጅ መላ ሲጠይቅ አንተ ሰልፍ ትጠራለህ አለው፤ ሌላም ብዙ፤ የሌላውን ግማሹን ቆርጬዋለሁ። 25 እኔ ነኝ፤ ስለ ሃይማኖት ሌላ ክር እንዲከፍቱ ነገርኳቸው። አልከፈቱም።

26፣ 27 እና 29 የሉም። ሦስቱም ሻጮች ናቸው። ስንፈተ ወሲብ፣ ማስረዘሚያ፣ በቴሌግራም እናደርሳለን የሚሉት። ስለ ወንድ ብልት አንድ ሰው ትንፍሽ ባለ ቁጥር እነዚህ ከየት እንደሚፈሉ አላውቅም፤ ሐኪም የሚያፍር ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው እነሱ ላይ ነው። ቁጥር 28 አጭር ነው፤ ከአንዱ ቅባት ገዝቶ ቆዳው ተቃጥሎ እንደነበር የጻፈ ሰው። እሱን ትቼዋለሁ።

ቁጥር 30 ሮም ትኖራለች፤ ባሏ ጣሊያን ነው። ሰውየው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ምንም ችግር አልነበረበትም። በቅርቡ ሸለፈቱ ያሳክከው፣ ይቀላ፣ ነጭ ነገር ይይዝ ጀመር፤ ቀስ በቀስ ጠቦ ጭራሽ አልመለስ አለ። እሷ ሌላ ሴት ጋ ሄዶ ያመጣው አባላዘር መሰላት። አኮረፈች፣ አልጋ ለየች፣ እህቷ ጋ ደውላ አለቀሰች። እሱ ደግሞ ከማፈሩ የተነሳ ምንም አይመልስላትም፤ ዝምታው ጥፋተኛ አስመሰለው። በመጨረሻ ሐኪም ጋ ጎትታ ወሰደችው። ሐኪሙ ብልቱን ዓይቶ መጀመሪያ ያዘዘው የደም ስኳር ምርመራ ነው። ስኳሩ ሰማይ ነክቷል። ስኳር በሽታ ይዞት ሳያውቀው ኖሯል።

ሐኪሙ 31 ላይ ይሄን አጸኑት። ስኳሩ በጣም ከፍ ያለ በሽተኛ ሽንቱ ውስጥ ስኳር ይኖራል፤ ሸለፈቱ ሥር የሚቀረው ሽንት ፈንገሱን ይመግበዋል፤ በተደጋጋሚ ሲቆጣ ቆዳው ጠባሳ ይሠራና ይጠብባል። ድሮ የሚመለስ የነበረ ሸለፈት በጉልምስና አልመለስ ካለ ስኳራችሁን ታዩ። እብጠት ወይም የማይድን ቁስል ከሥሩ ካለ ደግሞ ጊዜ አትስጡት፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ ግን ተሸፍኖ ስለሚቆይ ዘግይቶ ይገኛል። 32 አመሰገነ፤ አባቱን ሊያስመረምር ነው።

33 ላይ ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። ይሄን መልስ ሳነብ ልስቅም ላለቅስም ነበር። በተባለው መሠረት አንድ ሆስፒታል ሄደ። ካርድ ክፍል መስኮቱ ጋ ደረሰ። ልጅቷ ቀና ሳትል ምኑን እንደሚያመው ጠየቀችው። በዝግታ ነገራት። አልሰማችም፤ መስታወቱ ድምፅ አያስገባም፣ ጮክ በል አለችው። ከኋላው ሰልፉ ጥቅጥቅ ብሏል፤ አንዲት እናት ልጅ አቅፈው ትከሻው ላይ ሊወጡ ምንም አልቀራቸውም። ራስ ምታት ነው አላት። ካርዱ ላይ ራስ ምታት ተጻፈ። ተመላላሽ ክፍል ገባ፤ የደረሱት ሐኪም ሴት ናቸው፤ እዚያም ራስ ምታቱን ቀጠለበት። ግፊቱን ለኩት፣ ዓይኑን አዩት። ፓራሲታሞል ይዞ ወጣ።

ከዚህ በታች ያሉት ጥቂት መልሶች በጣም ይጠቅማሉ። 34 ስልኩ ላይ ጽፎ በመስኮቱ እንዲያሳያት መከረው፤ እሱ እንደዚያ አድርጎ ነው የወጣለት። ሌላው ደግሞ ምን እንደሆነ መዘርዘር ምን አስፈለገ፣ የሽንት ችግር ብቻ በቂ ነው፤ ቀጥታ ወደ ዩሮሎጂ ወይ ወደ ቀዶ ሕክምና ይመሩታል አለ። ነርሷም መጣች፤ ወንድ ሐኪም ይየኝ ማለት ነውር እንዳልሆነ፣ ተረኛ ካለ እንደሚቀይሩለት፣ ከሌለ ግን ሴቷ ሐኪም በቀን ስንት እንደምታይ ቢያውቅ እንደማያፍር ጻፈች። 36 ካርድ ክፍል የምትሠራ ልጅ ነች፤ ሁሉም እሷን እንደ ጭራቅ ማየቱ አስከፍቷታል። የምትጠይቀው ወዴት እንደምትልከው ለማወቅ እንጂ ለወሬ አይደለም፤ መስታወቱንም ያሠራችው እሷ አይደለችም። አንዱ ቢያንስ ቀና ብለሽ እዪ ብሎ ወረደባት። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እኔ ግን የመስኮቱን ነገር ሆስፒታሎቹ ቢያስቡበት እላለሁ። አንድ ወረቀትና እስክርቢቶ መስኮቱ ላይ ማስቀመጥ ምን ያህል ይከብዳል?

37 ስድሳዎቹን ያለፉ ጋሼ ናቸው። እሳቸው የፕሮስቴት (ከሽንት ፊኛ ሥር ያለው የወንዶች ዕጢ) ወሬ አመጡ። ሌሊት ለሽንት እየተነሱ ሲመላለሱ ስንት ዓመት ለማንም አልተናገሩም፤ ባለቤታቸው ስልክ ሊደውሉ የሚነሱ መስሏቸው ነበር። ሰዉ ወደዚያ ሊሄድ ሲል የራሱ ክር ከፈትኩላቸው፤ እሱም ሞቅ ብሏል።

38 ጠያቂው እንደገና። ስልኩ ላይ ጽፎ አሳያት፤ ሠራ። ሐኪሙ ዓይቶት ጠባሳ የለውም አለው፤ ቅባት አዘዘለት፤ በወሩ ይመለሳል። እየቀባ ነው። ስንጥቁ ድኗል፤ ጠባቡ ቀለበትም ትንሽ ላላ ብሏል፤ ገና ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ካልሆነ ይገረዛል፤ አሁን አልፈራም ይላል። 39 እና 40 የደስታ መልስ ናቸው። ቁጥር 1 የሚስቀው ሰውዬ አልተመለሰም።

የመጨረሻዎቹ መልሶች ስለ 13ቱ ሹፌር ናቸው ማለት ይቻላል። ለረፍት አገር ቤት ሊመጣ ነው፤ ሐኪም አማክሮ ግርዘቱን እንደገና በደንብ ሊያሠራው ወስኗል። ባለትዳር ነው። ያሳሰበው ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስድስት ሳምንት ግንኙነት የለም ማለቱ ነው፤ ሚስቱን ካያት ዓመት አልፎታል። ነርሷ ጨከነችበት፤ ቁስሉ ሳይድን ከጀመረ ስፌቱ ይበጠሳል፣ ኢንፌክሽንም በቀላሉ ይገባል፤ ሌሊት በራሱ ሲቆም ደግሞ ይወጥረዋልና ተነስቶ ትንሽ ይራመድ፣ ሽንቱን ይሽና። 42 ግን መላ አመጣ። ቀጠሮውን የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ያድርገው። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ስድስት ሳምንት 42 ቀን፤ ለፋሲካ ድኖ ይደርሳል፣ እንዲያውም 13 ቀን ይተርፈዋል። 43 ዲያቆን ነኝ የሚል ሰው ጾም ለዚህ አልተሠራም ብሎ ገሠጸ። 44 የሹፌሩ ሚስት ነች፤ ክሩን ለካ ከላይ ጀምሮ ስታነብ ኖራለች። ባሏ ከተጋቡ ጀምሮ ጾሙን ሙሉውን ጠብቆ ስለማያውቅ በሐኪም ትእዛዝም ቢሆን ዘንድሮ ቢጾም ደስታዋ ነው፤ ቀጠሮውንም እሷ ራሷ ትይዝለታለች።